ሳያነቡ «አዎ» የማይሉት አባባ ታከለ

አባባ ታከለ መሞታቸውን የነገረኝ ሮኒ ነው። ደውሎ እንኳ አይደለም። ለድሮ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ በዋትሳፕ የላከው መልእክት ነው፦ «ታኪያችን አረፈ። ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ትሑት ሰው ነበር» ይላል፤ ከሥሩ የሚያለቅስ ፊትና የተሰበረ ልብ ለጥፎበታል። ደሜ ፈላ። ታኪ ማን ነው? ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ አራት ልጆች ያሳደጉ ሰው፣ ታኪ? ፈገግታውንስ የት አየው? እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስሠራ ኖሬ አባባ ታከለ ሥራ ላይ ፈገግ ሲሉ አላየሁም፤ ሮኒ ፊትማ ጭራሽ።

ባሌ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ስልኩን ወርውሬለት ወደ ማድቤት ገባሁ። ተከትሎኝ መጥቶ «የሥራ ባልደረባሽ ነበሩ እንዴ?» አለ። ስለሳቸው አንድም ቀን አንሥቼለት አላውቅም። ለማንም አንሥቼ አላውቅም፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

አባባ ታከለ የጎንደር ሰው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ የሆስፒታል መድኃኒት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እዚህ ቤርሳቤህ ሲገቡ ዕድሜያቸው ከአርባ አልፏል፤ ሽኩና ኣሌፍ በሚባለው ሰፈር አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ያዙ፤ ሥራ ተብሎ የተሰጣቸው ወለል ማጠብ ነበር። ያጠቡት የኛን መሥሪያ ቤት ወለል ነው፤ ለሐኪም ቤቶች ቶር የሚይዘውን፣ የታካሚ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያን ፕሮግራም የምንሠራበትን። ቀን ወለል እያጠቡ ማታ ማታ በሰፈራቸው የሕዝብ ማእከል፣ ማትናስ በሚሉት ውስጥ፣ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ኮምፒውተር ተማሩ። ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ጠይቄያቸው «አንቺ አንደኛ ክፍል ሆነሽ ጀምሬ፣ ወታደር ስትሆኚ ጨረስኩ» ብለውኛል። በመጨረሻ ሮኒ፣ አለቃችን፣ የጥቅሎቹን ሥራ ሰጣቸው። ደግነት አይደለም፤ ያን ሥራ የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ነው። እያንዳንዳቸውን ጥቅል እንላቸዋለን። ጥቅል ለማስገባት ወይም ለማስወጣት ጥቁር መስኮት ይከፈትና ትእዛዝ ይጻፋል፤ ሥዕል የለ፣ ምን የለ፣ ፊደል ብቻ። አንዱን አስወጣ ስትሉት ወዲያው አያስወጣም። በእሱ ላይ የተደገፉትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ «እነዚህም አብረው ይወጣሉ፤ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። ዝርዝሩ አንዳንዴ ሦስት መስመር ነው፣ አንዳንዴ ሁለት መቶ። ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ሳያነብ አዎ ይላል። እንዲያውም ከትእዛዙ ጋር አንዲት ፊደል ብትጨምሩ መጠየቁንም ይተወዋል፤ ለሚመጣው ሁሉ አስቀድማችሁ አዎ ብላችኋል። አባባ ታከለ ያችን ፊደል «ሳይሰሙ መማል» ነበር የሚሏት። በእጃቸው ጽፈዋት አያውቁም።

እሳቸው ዝርዝሩ ሲመጣ ከወንበር ይነሣሉ። መነጽራቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ አውጥተው ያደርጋሉ፤ ጣታቸውን መስኮቱ ላይ ያሳርፉና ስሞቹን ጮክ ብለው አንድ በአንድ ያነባሉ። ከዚያ በሰማያዊ የተማሪ ደብተር ላይ በአማርኛ ይመዘግባሉ፦ ምን ወጣ፣ ስንተኛው ዕትም ነበር፣ ምን ተደግፎበት ነበር፣ ማን አዘዘ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አይዘሉም። ግምጃ ቤት ሳሉ አንዲት እንክብል ብትወጣ ያዘዘው ሰው ስም ከጎኗ ካልተጻፈ አትወጣም ነበር፤ እዚህም ልማዳቸውን አልተዉም።

ከውትድርና እንደወጣሁ ነው በሙከራ ሠራተኝነት የተቀጠርኩት፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ስልሳ ምናምን መስመር ዝርዝር መጣ። በዓይኔ ገረፍ አድርጌ ጨርሻለሁ አልኳቸው።

«አንብቢው» አሉ።

«አነበብኩት እኮ።»

«በአፍሽ። ዓይን ይዘላል፣ አፍ ግን አይዘልም።»

የናቴ ልጅ ሆኜ አባባ ለምለው ሰው እምቢ አይባልም፤ ተነሥቼ ቆሜ ስልሳውንም አነበብኩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች በሳቅ ሊሞቱ። በዕብራይስጥ አጉረመረምኩ። እሳቸው ደብተራቸውን እየጻፉ «አማርኛሽ እንደ ጎማ ጫማ ነው፤ ያስኬዳል እንጂ አያምርም። ስድቡንም በአማርኛ ሞክሪው፣ ይለመድሻል» አሉኝ። የዚያን ቀን ወደድኳቸው፤ ባላስታውቅባቸውም።

ሮኒ በበሩ ባለፈ ቁጥር «ረቢ ታኪ ጸሎት ጀመሩ» ይል ነበር። ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ያችን ሳቅ ሳስባት ዛሬ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። አንድ ቀን እንዲሁ ቆመው ሲያነቡ ዝርዝሩ መሐል ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው የሚሠራው?» አሉ። ስንፈልግ ለታካሚዎች የቀጠሮ ቀን በስልክ የሚልከው ጥቅል ሆኖ ተገኘ። አዎ ብንል ኖሮ በማግሥቱ ማንም ሰው ቀጠሮውን አያውቅም ነበር። ለሮኒ ሲነገረው «ታዲያ ምንም አልሆነም አይደል፣ ምን ያስጮኻችኋል?» ብሎ ሄደ። አባባ ታከለ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተራቸው ላይ አስፍረው ወደ ቀጣዩ አለፉ። እኔ ተቃጠልኩ። «ለምን አይናገሩትም?» ብላቸው «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ይህን ተረት እጠላዋለሁ። ድሮም አልወደውም፤ አሁንማ ስሰማው ያመኛል። እናቶቻችን በሐኪም ቤት መስኮት ፊት፣ አባቶቻችን በአለቃ ፊት ዝም ሲሉ የሚጠሩት እሱን ነው። ዝም እኮ ይነቅዛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ኖሯል።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ዕለት ጠዋት ሮኒ መጥቶ አንድ ያረጀ ጥቅል በቀትር እንዲወጣ ጠየቀ፤ ከሰዓት በኋላ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ አሮጌ ነገር አገልጋዩ ኮምፒውተር ላይ እንዲያዩበት አይፈልግም። አባባ ታከለ «ቀን ይፈልጋል። የተደገፈበት ብዙ ነው፣ ላንብበው» አሉት። ሮኒ እጁን አወናጭፎ ወጣ። ቀትር ላይ እሳቸው ምሳ ሊበሉ ወረዱ። የሙከራ ሠራተኛ ስለሆንኩ የኔ ስም ለዚያ ሥራ ፈቃድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ዝርዝር ማንበብ እንድለማመድ ሁልጊዜ የሳቸውን መስኮት ክፍት አድርገውልኝ ነበር የሚሄዱት። ሮኒ በሩን ከፍቶ ገባ።

«ያፊት፣ አንቺ ፈጣን ነሽ። ሽማግሌው እስኪጸልይ መጠበቅ አልችልም» አለኝ።

ፈጣን መባል ደስ አለኝ። እውነቱ ይሄ ነው። የሙከራ ጊዜዬ በዚያ ወር ያልቃል፤ አዲስ ቡድን ሊቋቋም ነው፤ መሪዋ እኔ እንድሆን ሮኒ ሁለት ጊዜ ጠቆም አድርጎኛል። ትእዛዙን ጻፍኩ። ያችን ፊደልም ጨመርኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሮኒ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ።

ከአንድ ጥቅል ጋር አርባ ያህል ጥቅል ወጥቶ ነበር። ቀጠሮ የሚይዘው ከመሐላቸው ነው። በከተማው ያሉ ሐኪም ቤቶች ስልክ አወረዱብን፤ ሰው ካርዱን ይዞ መስኮት ላይ ቆሟል፣ ስሙ የለም፣ ቀኑ የለም። አባባ ታከለ ከምሳ ሲመለሱ ክፍሉ ቀውጢ ሆኖ አገኙት። «ሮኒ አዞኝ ነው» አልኳቸው፤ ሳላነብ ማስወጣቴንም ነገርኳቸው። ደብተራቸውን ገለጡና የወጣውን ሁሉ ከነዕትሙ አንድ በአንድ እየጠሩ መለሱት፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ቆመው ያነባሉ። ሲመሽ ፕሮግራሙ ተመልሶ በእግሩ ቆመ። የመጪዎቹ ጥቂት ሳምንታት ቀጠሮ ግን ጠፍቶ ቀረ። ያን መሥሪያ ቤት ያዳነው የሳቸው ደብተር ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ ፊቴ ይምጣ።

በሦስተኛው ቀን ለሺሙዓ ተጠሩ። ሺሙዓ ማለት ሊያባርሩህ ወስነው ሲያበቁ «እስቲ ተናገር» የሚሉህ ስብሰባ ነው። ኮምፒውተሩ ትእዛዙ የተሰጠው በታከለ ስም ነው ይላል። ሮኒ ደግሞ አፉን ሞልቶ «እኔ ምንም አላዘዝኩም» ብሏል። ከዚያ በፊት ባለው ማታ ስልክ ደውሎልኝ «ዝም በይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ማስተካከሉ ይሄ መሆኑ ነው። አባባ ታከለ ምንም አልፈሩም። ሰማያዊ ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው «የሆነው እዚህ ተጽፏል» አሉ።

ደብተሩ በአማርኛ ነው። አስተርጓሚ መጥራት ይችሉ ነበር፤ አልጠሩም። ሮኒ «ያፊት አለች አይደል፣ የነሱው ቋንቋ ነው» አለና አስጠራኝ። አባባ ታከለ ስገባ ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ፤ የገዛ ልጃቸው የገባች ያህል። ደብተሩን ወደኔ አዙረው ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ሮኒ ጠየቀኝ። ቀን ይፈልጋል አልኩት። ቀትር ላይ ምሳ ሳለሁ ሮኒ ያፊትን አዘዛት። ያፊት በእኔ ስም ሳታነብ አስወጣች። ማታ ሁሉንም መለስን።»

ፊት ለፊቴ ሮኒ ተቀምጧል። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኛለች። እኔም በዕብራይስጥ አነበብኩ፦ ጠዋት ሮኒ ጠየቀኝ፤ ቀን ይፈልጋል አልኩት፤ ቀትር ላይ ምሳ ሳለሁ ጥቅሎቹ ወጡ፤ ማታ ሁሉንም መለስን።

«ማን እንዳስወጣቸው ይላል?» አለች ሴትዮዋ።

«አልተጻፈም» አልኩ።

አባባ ታከለ ዕብራይስጥ ይሰማሉ። ሰባራም ቢሆን ይናገራሉ። የሠራሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፣ ግን ተሳቅቀው ነበር፣ የገዛ ልጁን በሰው ፊት ስትሰርቅ እንደያዘ ሰው። ሴትዮዋ «ታከለ፣ የምትጨምረው አለ?» አለቻቸው። ደብተራቸውን ዘጉና «የለም» አሉ። የሠራተኞች ተወካይ ተብሎ የመጣው ሰውዬ ስልኩን ሲነካካ አበቃ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቀ።

እስከ ዛሬ የምናደደው በዚህ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢናገሩ ይበቃ ነበር። «ዋሽታለች» ቢሉ፣ «ሌላ ሰው ያንብበው» ቢሉ። ግን የኛን ገመና ፈረንጅ ፊት አይገልጡም። ልጅ የተባለችውን ባዕድ ፊት አያዋርዱም። ይሉኝታ ነው፤ እኔም እንደሚያደርጉት ዐውቄ ነው የዋሸሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አልደፍርም ነበር። ሮኒ የዘረፋቸው ስለማያውቃቸው ነው፤ እኔ ግን ዐውቄያቸው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ይጩሁብኝ፣ ይርገሙኝ ብዬ። ካፖርታቸውን እየለበሱ «መስመር ዘለልሽ» አሉኝ። ደረጃውን ይዘው ወረዱ።

የቡድን መሪ ሆንኩ። አሁን ራሞት የተባለው አዲስ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ግቢ ባለው ቤት። እሳቸው አንድ ሱቅ በር ላይ ዘበኛ ሆነው የሰው ቦርሳ ይፈትሹ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን የራሳችን ሰው ነው። ወሬው ቤርሳቤህን አዳረሰው። ሽኩና ሄ እናቴ ቤት ምሳ ስበላ ጎረቤቷ መጥታ፣ ለዓይኗ ስንት ወር የጠበቀችው ቶር እንደጠፋባት ስታማርር «ታከለ የሚሉት ነው ያጠፋው። እኛን ምን ኮምፒውተር አስነካን» አለች። እናቴም «መጥረጊያውን ቢይዝ ምን ነበረበት» ብላ ጨመረች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬ መብላቴን ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋቸው፤ በጸሎት ቤት የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች ሰላምታ ነሥተዋቸው አለፉ። እኔ በሌላ መተላለፊያ ዞርኩ። እነዚያ ቢያንስ የሚያኮርፉበት ምክንያት አለን ብለው ነው። እኔስ?

እና ይሄ ሁሉ ሲያበቃ ሮኒ የተሰበረ ልብ ይለጥፋል። «እውነቱን አንተም እኔም እናውቃለን» ብዬ ጻፍኩለት፤ ከዚያ አጠፋሁት። ለሱ መጻፍ ምን ያደርጋል? ቁልፌን አንሥቼ ወጣሁ።

ለቅሶው ሽኩና ኣሌፍ፣ ከሕንፃው ሥር በተተከለ ድንኳን ነበር። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። ሮኒ አልመጣም፤ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አልመጣም። ባለቤታቸው እማማ ጥሩወርቅ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነበሩ። በርከክ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«አሜን። ማን ልበል፣ ልጄ?»

«ከአባባ ጋር እሠራ ነበር።»

እጄን ያዙኝ። «ከዚያ መሥሪያ ቤት?» አሉ። «እኔ አይደለሁም ያጠፋሁት አለኝ። ታዲያ ማን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ራሷ ትመጣለች፣ በራሷ አፍ ትናገር አለኝ። ስሟን ንገረኝ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ሰንበት በመጣ ቁጥር ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ቀና ይል ነበር። ሦስት ዓመት።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እጄን ለቀቁት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው በአገጫቸው ወደ ወንዶቹ አመለከቱ። «ለኔ አይደለም። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። ቶራችንን አጠፋ እያሉ ሰላምታ የነሡት እነዚያ ናቸው። ሂጂ ለነሱ ንገሪ።»

ተነሣሁ። ድንኳኑን አቋርጬ ሄድኩ። ወንዶቹ መሐል ቆሜ ስሜን ተናገርኩ፤ የናቴንና የአባቴንም ስም ጨመርኩ፣ ማን እንደሆንኩ እንዳይጠፋቸው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዘኝ አለቃዬ ነው፣ አባባ ታከለ ምሳ ላይ ነበሩ አልኩ። ደብተሩን እኔ ነኝ ያነበብኩት፤ ስሜ ያለበትን መስመር ዘለልኩት፤ እሳቸው እየሰሙ ዝም አሉልኝ አልኩ። አማርኛዬ እየተሰባበረ ነበር፣ ግን ሁሉንም ተናገርኩ፣ አንድም አላስቀረሁም። ማንም አልሰደበኝም፤ ስድቡን ብፈልገውም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው እንደተደገፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ይሄ መነገር የነበረበት እሱ በሕይወት ሳለ ነበር» አሉኝ።